ሁለተኛው ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ?

የአንባቢ ደብዳቤ

«ዕድሜዬ 61 ነው፤ የምኖረው በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ነው። የግል አብራሪነት ፈቃድ ካወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከሥራ የተረፈኝን ጊዜ ሁሉ ሰጥቼ አርቪ-7 የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ከኪት (ለገጣጣሚ ከሚሸጥ የክፍሎች ስብስብ) ጀምሬ በእጄ ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ የሙከራ በረራዋም ባለፈው ወር ተጠናቋል። አሁን የምመኘው ከአትላንቲክ ጠረፍ ተነሥቼ ፓስፊክን አይቼ መመለስ ነው። ባለቤቴ በትንሽ አውሮፕላን እንደማትሄድ ቁርጧን ነግራኛለች፤ ብቻዬን እንድሄድም አትፈልግም። በሐሳቤ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። የባለቤቴ ወንድም ወጪውን እኩል እንካፈላለን ብሏል፤ የዕረፍት ፈቃዱ ግን አሥር ቀን ብቻ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያችን የማውቀው አንድ ወጣት አብራሪ ከእኔ የበለጠ የበረረ ሲሆን፣ የበረራ ሰዓቱን ማሳደግ ስለሚፈልግ መንገዱን ግማሽ ግማሽ እንብረረው ይላል። ሦስተኛው የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ስለ በረራ አያውቅም፣ ሆዱም ቶሎ ይረበሻል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ሪቬት (የቆርቆሮ ማያያዣ ምስማር) ስመታ ከጀርባ ብረት ይይዝልኝ የነበረው እሱ ነው። ሦስቱም ካልሆኑ በኢንተርኔት ማስታወቂያ አውጥቼ ወጪ የሚካፈል ሰው ለመፈለግ አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ

ውድ አንባቢያችን፣

ከደብዳቤዎ መጨረሻ ልጀምር፤ እባክዎ ማስታወቂያውን አያውጡ። በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ መሠረት የግል አብራሪነት ፈቃድ ያለው ሰው ከተሳፋሪው ጋር ሊካፈል የሚችለው የነዳጅ፣ የዘይት፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያና የአውሮፕላን ኪራይ ወጪን ብቻ ሲሆን፣ በዚህም ቢሆን የራሱን ድርሻ አጉድሎ መክፈል አይችልም፤ ሁለት ከሆናችሁ ቢያንስ ግማሹ የእርስዎ ነው ማለት ነው። ከዚህ አልፎ ለማያውቁት ሕዝብ «ባዶ ወንበር አለኝ፣ ወጪ የሚካፈል ይምጣ» ብሎ ማወጅ በአስተዳደሩ ዘንድ የትራንስፖርት አገልግሎትን ለሕዝብ እንደማቅረብ ይቆጠራል። ፍላይትናው የተባለ ድርጅት አብራሪዎችንና ተሳፋሪዎችን በድረ ገጹ እያገናኘ ወጪ ሊያካፍል ሞክሮ ጉዳዩ ዋሽንግተን ዲሲ እስከሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. የፈረደው ለአስተዳደሩ ነው። የእርስዎ አውሮፕላን ደግሞ እንደ እርሷ በግለሰብ እጅ የተሠሩ አውሮፕላኖች በሚገቡበት በሙከራ ምድብ የተመዘገበች ስለሆነች፣ በእርሷ በክፍያ ሰው ማጓጓዝን የሚከለክል የራሷ ደንብ አላት።

እኔ ከዚህም አልፌ፣ አብሮዎት የሚሄደው ሰው ማንም ይሁን ማን ነዳጁን ሙሉ በሙሉ እርስዎ እንዲከፍሉ እመክርዎታለሁ፤ እሱ የራሱን ማደሪያና ምግብ ይቻል። ይህን የምለው ስለ ደንቡ ብቻ አይደለም። የጉዞውን ግማሽ የከፈለ ሰው በቅንነትም ቢሆን በውሳኔው ላይ ግማሽ ድምፅ ያለው ይመስለዋል፤ ሰማዩ ከፊት ለፊት ሲጠቁር «ይህን ሁሉ አውጥተን እዚህ ልንቀር ነው?» የምትለው ቃል ከእሱ አፍ ባትወጣ እንኳ በእርስዎ ሐሳብ ውስጥ መመላለሷ አይቀርም። በአየር ላይ የመጨረሻው ውሳኔ የዋናው አብራሪ መሆኑን ሕጉ በግልጽ ይናገራል፤ ይሁን እንጂ አብራሪው ባለዕዳነት የሚሰማው ከሆነ ያንን ሥልጣን በነፃነት ሊጠቀምበት ይከብደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤዎ የሚጠይቀው በሰማይ ላይ ከአጠገብዎ ማን ይቀመጥ ብሎ ነው፤ እኔ ግን ጥያቄውን ወደ መሬት ላወርደው እፈልጋለሁ። ከጠረፍ እስከ ጠረፍ ያለው ርቀት 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አርቪ-7 በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ የምትጓዝ ስለሆነ፣ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ ከፊት የሚመጣውን ነፋስና በተራሮቹ ምክንያት የሚያዞረውን መንገድ ጨምረውበት እንኳ የአንድ መንገድ የበረራ ጊዜው ከ15 እስከ 18 ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረው ጊዜ ሁሉ የሚያልፈው መሬት ላይ ነው፦ ጭጋግ እስኪገለጥ በአብራሪዎች ማረፊያ ክፍል ተቀምጦ፣ ነጎድጓድ መንገድ ዘግቶ ስሙን በማያውቁት ከተማ ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ወይም በተበላሸች የሞተር ካንዴላ ምትክ አዲስ በፖስታ እስክትመጣ ጠብቆ። በዓይን እያዩ የሚበርሩ ከሆነ ይህ መጠበቅ የጉዞው አካል እንጂ የጉዞው መሰናክል አይደለም። እንግዲህ የሚመርጡት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አብሮ መጠበቅ የሚችል ሰው መሆን አለበት።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የባለቤትዎ ወንድም ጥሩ ሰው መሆኑን ባልጠራጠርም ለዚህ ጉዞ ግን ይከብዳል፤ የሚያከብደውም አሥሩ ቀን ነው። የተቆረጠ ቀን ያለው ተሳፋሪ በአውሮፕላን አደጋ ታሪክ ውስጥ እጅግ የታወቀ ነገር ነው። አብራሪዎች «የመድረስ በሽታ» የሚሉት፣ የአቪዬሽን ሥነ ልቦና ሊቃውንት ደግሞ ሁኔታው ቢለወጥም በጀመሩት ዕቅድ የመጽናት ዝንባሌ ብለው የሚያጠኑት ይኸው ነው። በዓይን በረራ የጀመረ አብራሪ ወደ ደመና የሚገባው ብዙውን ጊዜ ደመናው በድንገት ስለከበበው አይደለም፤ ትንሽ ዝቅ ብል አልፋለሁ፣ ከዚህ ኮረብታ በኋላ ይጠራል፣ ነገ ሥራ መግባት አለብን እያለ ደረጃ በደረጃ ይገባበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው ላይለቀም ይችላል። አሥር ቀን በወረቀት ላይ ብዙ ይመስላል፤ ሦስት ቀን ዝናብ ከያዛችሁና ለአንድ ጥገና ሁለት ቀን ከሄደ ግን ስምንተኛው ቀን ላይ ገና በመንገድ አጋማሽ ትሆናላችሁ፤ አማችዎም ስልኩን ማየት ይጀምራል።

ወጣቱን አብራሪ በተመለከተ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሁለት አብራሪ ከአንድ ይሻላል ብሎ ሳያመነታ የሚመርጠው እሱን ነው። በእርግጥ ጥቅም አለው። አንዱ ካርታና ራዲዮ ሲይዝ ሌላው ይነዳል፤ እርስዎን ቢያምዎት አውሮፕላኗን የሚያሳርፍ ሰው አለ። ነገር ግን ሁለት አብራሪዎች አብረው እንዲሠሩ ተደርገው ካልሠለጠኑ በቀር፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ሌላው እያየ ነው ብሎ የሚዘናጋበት፣ ወይም ሁለቱም በአንድ ጊዜ መቆጣጠሪያውን የሚይዙበት አጋጣሚ ይፈጠራል። የአየር መንገድ አብራሪዎች ይህን በሥልጠናና በጽሑፍ በሰፈረ ሥርዓት ይፈቱታል፤ በሳምንት መጨረሻ ማረፊያ ላይ የተዋወቁ ሁለት ሰዎች ግን ያ ሥርዓት የላቸውም።

ሌላም አለ። የእርስዎ አውሮፕላን የጅራት ጎማ ያላት፣ ቀላልና ቶሎ የምትታዘዝ ናት። በሥልጠና አውሮፕላን የተቆጠረ ብዙ ሰዓት እርሷን በጎን ነፋስ ለማሳረፍ ዋስትና አይሆንም፤ ለጅራት ጎማ የአሠልጣኝ ልዩ ማረጋገጫ በመዝገቡ ላይ ያስፈልገዋል፤ የመድን ድርጅትዎም የሚጠይቀው ጠቅላላ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደበረረ ነው። ስሙ በመድን ውሉ ላይ ከሌለ ወይም ውሉ የሚጠይቀውን ካላሟላ፣ መንጃው በእሱ እጅ እያለ ለሚደርሰው ጉዳት ድርጅቱ ላይከፍል ይችላል። ከሁሉም በላይ የእሱን ፍላጎት ልብ ይበሉ፦ ሰዓት የሚሰበስብ ሰው ትርፉ የሚገኘው ሲበርር ነው፣ ሲጠብቅ አይደለም። ይህን የምለው ወጣቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ በሙያው ማደግ የሚፈልግ ሰው ሰዓት መፈለጉ ተገቢ ነው። የእሱ ጥቅምና የእርስዎ ደኅንነት ግን በዚያች አስቸጋሪ ጠዋት በአንድ አቅጣጫ ላይጓዙ ይችላሉ።

እሱን ለመውሰድ ከወሰኑ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በእያንዳንዱ በረራ ዋናው አብራሪ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስማሙ፤ መቆጣጠሪያ ሲለዋወጡም አንዱ «ያዝ» ሲል ሌላው «ይዣለሁ» ብሎ፣ የመጀመሪያው ደግሞ «ያዝክ» ብሎ ሲያጸናለት ብቻ እጁን ይልቀቅ። ሦስቱም ቃል ጮክ ተብሎ መነገር አለበት። መነሣትና ማረፍን ግን ለራስዎ ያስቀሩ።

የልጅነት ጓደኛዎን በደብዳቤዎ ውስጥ በመጨረሻ ያስቀመጡት ለበረራ የሚጠቅም ነገር የለውም ብለው ስለሆነ ይመስለኛል። እኔ ግን ደብዳቤውን ሳነብ የቆምኩት እሱ ላይ ነው። የአልሙኒየም አውሮፕላን የሠራ ሰው ሪቬት ሲመታ አንዱ በአየር መዶሻው ከፊት እንደሚመታ፣ ሌላው ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ እጁን አስገብቶ ከቆርቆሮው ጀርባ ፊቱ ለስላሳ የሆነ ብረት ቀጥ አድርጎ እንደሚይዝ ያውቃል። የብረቱ ፊት ትንሽ ካዘመመ የሪቬቱ ጅራት ይተኛል፤ ያዡ ቀድሞ ካነሣው ቆርቆሮው ይጎዳል፤ ስለዚህ ብረት የያዘው ሰው ከመዶሻው ባለቤት ጋር በአንድ ቃል መግባባት፣ ሳይሰለች መድገም፣ ከሁሉም በላይ «ይህኛው ተበላሽቷል፣ ቦርቡረን እናውጣው» ብሎ መናገር አለበት፤ ምክንያቱም የተበላሸው ጅራት የሚታየው ለእሱ ብቻ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሪቬቶች ባሏት አውሮፕላን ላይ ይህን ሥራ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የሠራ ሰው ትዕግሥቱም እውነተኛነቱም በእጅዎ የተመዘነ ነው። የማላውቀው አንድ ነገር ቢኖር ስንት ጊዜ «ይህ ልክ አይደለም» እንዳለዎት ነው፤ እርስዎ ግን ያውቁታል። ብዙ ጊዜ ከነገረዎት፣ እርስዎም ሰምተው ከነበረ፣ ከዚህ የተሻለ የጉዞ ጓደኛ ፍለጋ አይሂዱ። አይቶ ዝም ይል ከነበረ ግን ምክሬን እለውጣለሁ፤ በመሬት ላይ ያልተናገረ በሰማይ ላይ አይናገርምና።

እንዲህ ስል ችግሮቹን አልዘነጋሁም። የመጀመሪያው ክብደት ነው፤ ይህ ለሦስቱም እጩዎች እኩል ይሠራል። የአርቪ-7 ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 816 ኪሎ ግራም ነው፤ የእርስዎ አውሮፕላን ባዶዋን 500 ኪሎ ግራም ትመዝናለች ብንል፣ ታንኮቿ ሲሞሉ የሚይዙት 159 ሊትር ቤንዚን 114 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ለሁለት ሰውና ለዕቃ የሚተርፈው 200 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሁለታችሁም 90 ኪሎ ግራም ከሆናችሁ ለልብስ፣ ለመሣሪያ፣ ለማሰሪያ ገመድ፣ ለውኃና ለትርፍ ዘይት የሚቀረው ሃያ ኪሎ ነው ማለት ነው። ሰውን ስንት ትመዝናለህ ብለው አይጠይቁ፤ ሰው ክብደቱን ሲናገር የሚያስታውሰው የድሮውን ነው። ጫማውን እንዳደረገ፣ ጃኬቱን እንደለበሰና ቦርሳውን እንደያዘ ሚዛን ላይ ያውጡት።

የስበት ማዕከሉንም፣ ማለትም የአውሮፕላኗ ክብደት ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ፣ ለመነሻ ብቻ ሳይሆን ለማረፊያም ያስሉ፤ በዚህች አውሮፕላን ነዳጁ ያለው በክንፎቹ የፊት ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ እየተቃጠለ ሲሄድ ማዕከሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከወንበሮቹ በስተኋላ ዕቃ ከበዛ ደግሞ አውሮፕላኗ ስታርፍ አፍንጫዋ ከልክ በላይ ቀላል ትሆናለች፤ ፍጥነቷ ወርዶ ክንፉ መሸከም ሲያቅተውም ከዚያ ማውጣት ይከብዳል። በምዕራቡ በኩል ከፍታው ራሱ ሌላ ሚዛን ነው፤ የአልበከርኪ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,632 ሜትር ላይ ያለ ሲሆን በበጋ ቀትር በሞቀ ቀጭን አየር ከባሕር ዳርቻ በለመዱት አጭር ሩጫ አይነሡበትም። ሰውየው ትንሽ ከበድ ያለ ከሆነ ነዳጁን አጉድሎ ቶሎ ቶሎ ማረፍ ይቻላል። ለሁለታችሁ ወገብና ፊኛም ይህ ይሻላል።

ሁለተኛው የሆዱ ነገር ነው። ይህ ሰዎች እንደሚፈሩት ትልቅ እንቅፋት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚነሣው ከቀኑ ሰዓት ነው። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ የሚነሣው ሞገደኛ አየር ከረፋድ ጀምሮ እየባሰ ስለሚሄድ፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ከቀትር በፊት ማረፍ ለሆዱም፣ ከሰዓት በኋላ ለሚፈጠረው ነጎድጓድም መድኃኒት ነው። ዓይኑ ከስልክና ከካርታ ተነሥቶ አድማስ ላይ ይሁን፤ የአየር ማስገቢያው ወደ ፊቱ ይዙር፤ ወረቀት ከረጢት ሳይፈልግ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። እሱ የማቅለሽለሽ መከላከያ መድኃኒት ሊወስድ ይችላል፤ እርስዎ ግን አብዛኞቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ እንዳይነኩት። የመስታወቱ ጣሪያ ፀሐይን በቀጥታ ስለሚያስገባ ኮፍያ ያስፈልገዋል፤ አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ግን አስቀድመው ይንቀሉለት፤ የጆሮ ማዳመጫው በላይዋ ሲጫን ከአንድ ሰዓት በኋላ ራስ የሚያስመታ ሕመም ትሆናለችና።

አብራሪ አለመሆኑ ደግሞ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ሌሎች አውሮፕላኖችን መፈለግ፣ የሚቀጥለውን የራዲዮ ቁጥር ማዘጋጀት፣ ነዳጁ ከየትኛው ታንክ ስንት ደቂቃ እንደተቃጠለ መጻፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚማራቸው ናቸው። በተራሮቹ ላይ ከፍ ስትሉ አንድ ተጨማሪ ኃላፊነት ይስጡት። ደንቡ ከ12,500 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ ለሚበልጥ ጊዜ፣ ከ14,000 ጫማ በላይ ደግሞ ለማንኛውም ጊዜ አብራሪው ኦክስጅን እንዲጠቀም ያስገድዳል፤ ነገር ግን የኦክስጅን እጥረት በጣም ክፉ የሚያደርገው የተጠቃው ሰው ደስ ደስ ስለሚለውና ችግር እንዳለበት ስለማይታወቀው ነው። ስለዚህ ጓደኛዎ በጣት ላይ የሚደረገውን ትንሽ የደም ኦክስጅን መለኪያ ይዞ በየሩብ ሰዓቱ የሁለታችሁንም ቁጥር ያንብብ። ማሞቂያ ስትከፍቱ ከሞተሩ ጭስ ሊገባ የሚችለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ የሚያሳውቀውን መሣሪያም እሱ ይከታተል። እርስዎን የሚያስጥል ነገር ቢመጣ አብራሪነትዎ አያድንዎትም፤ ሊያድንዎ የሚችለው አጠገብዎ ያለ፣ ምን ማየት እንዳለበት የተነገረው ሰው ነው።

ከዚህ ጋር አውሮፕላኗን ቀጥ አድርጎ መያዝን፣ 121.5 በተባለው የአደጋ ጊዜ የራዲዮ ሞገድ ላይ እርዳታ መጥራትን፣ ነዳጅ መዝጋትን፣ ከተገለበጠች ጣሪያውን እንዴት ሰብሮ እንደሚወጣ ያሳዩት። አሠልጣኞች አብራሪ ላልሆኑ የጉዞ ጓደኞች የሚሰጡት አጭር ሥልጠና አለ፤ ቢወስደው እጅግ መልካም ነው። በእሱ በኩል ያለው የመንጃ ዘንግ የሚነቀል ከሆነ ግን ሲነሡና ሲያርፉ ቢነቀል እመርጣለሁ፤ ጉልበት ወይም የካሜራ ማንጠልጠያ የሚጠለፍበት በዚያች ደቂቃ ነው። የራዲዮ መናገሪያ ቁልፉንም ሳያውቅ ተጭኖ እንዳይቆይ ያስጠንቅቁት፤ የተጫነ ቁልፍ የእናንተን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሞገድ ያለውን ሰው ሁሉ ድምፅ ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን እውነቱን ሊነግሩት ይገባል። አውሮፕላኗ የሙከራ ምድብ መሆኗን ለሚሳፈር ሁሉ መንገር ሕጋዊ ግዴታዎ ነው፤ በውስጧም ይህች አውሮፕላን በአማተር የተሠራች መሆኗንና ለመደበኛ አውሮፕላኖች የወጣውን የፌዴራል የደኅንነት ደንብ የማታሟላ መሆኗን የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፎባታል። ያንን ጽሑፍ ከበር ላይ በችኮላ አያሳዩት። ቤቱ ይሂዱ፤ ባለቤቱ ባሉበት ያስረዱ፤ የሚጠይቁዎትን ሁሉ ይመልሱ። የሕይወት መድን ካለው ውሉን እንዲያነብ ይንገሩት፤ አንዳንዱ ውል በግል አውሮፕላን የሚደርስን አደጋ አይሸፍንም። ጓደኝነታችሁ የቆየ ስለሆነ እምቢ ማለት ሊያሳፍረው ይችላል፤ ስለዚህ መልሱን በዚያው ቀን አይቀበሉት። ሳምንት ይሰጡት፤ ቢቀር ቅር እንደማይሉት አስቀድመው ይንገሩት፤ ሲነግሩትም ከልብ ይሁን።

ከተስማማ ደግሞ በአንድ ነገር ላይ ቃል ይግቡ፦ ከሁለታችሁ አንዱ «ዛሬ አንሂድ» ካለ ምክንያት ሳይጠየቅ አይኬድም፤ በአየር ላይም ከሆነ «እንመለስ» ባለው ይመለሳል ወይም በቅርቡ ማረፊያ ይወረዳል። እንሂድ ለማለት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እንቅር ለማለት አንድ ይበቃል። ስለ በረራ የማያውቅ ሰው ያለ ምክንያት ቢፈራስ ይሉኝ ይሆናል። ቢፈራ የሚጎድልብዎ አንድ ቀን ነው። እንዲያውም እርስዎ በልብዎ ሲያመነቱ የነበሩበትን ነገር ፊትዎ ላይ አይቶ የተናገረው ሊሆን ይችላል፤ በልጅነቱ የሚያውቅዎ ሰው ሲጨነቁ ፊትዎ እንዴት እንደሚሆን ያውቃል።

ከዚያም ትልቁን ጉዞ በትንሹ ይሞክሩት። በ1986 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር ቮዬጀር በተባለችው አውሮፕላን ነዳጅ ሳይሞሉና ሳያርፉ ዓለምን በዘጠኝ ቀን ከሦስት ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ ዞረው ተመልሰዋል። ከዚያ በፊት ግን በዚያው ዓመት ጁላይ በካሊፎርኒያ ጠረፍ አቅራቢያ እየተመላለሱ 111 ሰዓት በአየር ላይ ቆይተው ነበር። በዚህ በረራ የተፈተነችው አውሮፕላኗ ብቻ አልነበረችም፤ ሁለቱ ሰዎች በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ አብረው ተፈትነውበታል። እናንተም እንደ አቅማችሁ አድርጉት። አስቀድሞ የአንድ ሰዓት በረራ፤ ቀጥሎ ከቤት ርቆ አድሮ መመለስ፤ በመጨረሻም የትልቁን ጉዞ አንድ ሙሉ ቀን የሚመስል፣ በሁለት ወይም በሦስት ማረፊያ የሚከፈል ቀን። ከሦስተኛው በረራ በኋላ ሲደክማችሁና ሲርባችሁ እንዴት እንደምትነጋገሩ ልብ ይበሉ፤ ማደሪያ ሲፈለግና አውሮፕላኗ ስትታሰር ማን ዝም እንደሚል፣ ማን እንደሚያጉረመርም ያያሉ። አየሩ መጥፎ የሆነበት ቀን ከገጠማችሁና ሳትበርሩ ውላችሁ ሳትጣሉ ከተመለሳችሁ፣ ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚው ሙከራ እሱ ነው።

ባለቤትዎ ብቻዎን እንዳይሄዱ መፈለጋቸውን በቀላሉ አላየውም። በሳተላይት የሚሠራ፣ ያሉበትን ቦታ የሚያሳይና አጭር መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይግዙ፤ ግን አብረው አንድ ነገር ይስማሙ፦ በካርታው ላይ ያለችው ነጥብ መንቀሳቀስ ብታቆም መሣሪያው ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ከታሰበው የማረፊያ ሰዓት በኋላ ስንት ጊዜ ጠብቀው ለማን እንደሚደውሉ በወረቀት ላይ ይጻፍ። ለበረራ አገልግሎት ጣቢያ የበረራ ዕቅድ ማስመዝገብንም አይተዉ፤ በሰዓቱ ካልዘጉት ፍለጋ የሚጀምረው በእሱ ነው።

ጓደኛዎ ካልፈቀደ፣ ወይም ሙከራው አይሆንም ካለ፣ ሌላ ሰው የሚፈልጉበት ቦታ ማስታወቂያ ሳይሆን የሠሪዎች ማኅበር ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በፖል ፖበሬዝኒ የተመሠረተው የሙከራ አውሮፕላኖች ማኅበር በየአካባቢው ቅርንጫፎች አሉት፤ በዚያ የሚያገኟቸው ሰዎች የሞተርዎን ድምፅ የሚያውቁ፣ ብዙዎቹም ጡረታ የወጡና ቀን የማይቆጥሩ ናቸው። ከአንድ ሰው ጋር ለወራት በሃንጋር (በአውሮፕላን መጠለያ) ውስጥ ከሠሩ በኋላ አብረን እንሂድ ማለት ወንበር ለሕዝብ ከማቅረብ ፈጽሞ የተለየ ነው።

አማችዎንም ሙሉ በሙሉ አይተዉት። ከጉዞው አንዱን ክፍል ይስጡት፤ ለምሳሌ ትልቅ የመንገደኞች ማረፊያ ካለበት ከተማ ይቀበሉትና ሁለት ወይም ሦስት ቀን አብሮዎት በርሮ፣ ቀኑ ሲደርስ የትም ይሁኑ የት በአየር መንገድ ትኬት ይመለስ። ትኬቱ አስቀድሞ የተገዛ ሳይሆን የሚለወጥ ይሁን፤ እርስዎም እሱን ለማድረስ ብለው አንድ ደቂቃ እንደማይበርሩ ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ይንገሩት። ይህን ሰምቶ የሚቀየም ከሆነ፣ ቅያሜው ከጉዞው በኋላ ከሚመጣ አሁን ቢመጣ ይሻላል።